ማይኩን አስቀምጡት
(ደሴ፣ ለታዳጊዎች አገልጋዮች ጉባኤ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ አብረን የደከምን ወንድሞችና እህቶች፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

የዓመቱን ሪፖርት አቅርብ ተብዬ ነበር። በእጃችሁ ስላለ አላነበውም። አንድ ነገር ልናገር ነው የመጣሁት፦ የጎዳና ልጆቹን እየረዳን እያዋረድናቸው ነው።

ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት መናኸሪያ አካባቢ የሚያድር የ14 ዓመት ሊስትሮ ነበር። ስንት ጠዋት ደረጃ ላይ ተቀምጠን ዳቦ በሻይ በልተናል። በበዓል ዋዜማ፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ማይክ ይዤ በስሙ ጠራሁት። «ከጎዳና ያነሳነው ልጃችን!» ብዬ አዲስ ጫማ አስጨበጥኩት። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ፎቶ ተነሳን። ልጁ ጫማውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ መሬት መሬቱን ያያል። እኔ ትሕትና መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ ጠፋ። በሦስተኛው ሳምንት ኮምቦልቻ ዕቃ ሲጭን አገኘሁት፤ በባዶ እግሩ። «ምን ሆነህ ነው?» ብለው፣ «ጋሼ፣ እማዬ እኮ ከኋላ ተቀምጣ ነበር» አለኝ። እናቱ ጉልት ነጋዴ ናት። ለጎረቤት «ልጄ አጎቱ ጋ ሆኖ ይማራል» ስትል ነው የኖረችው። ፊቴ ሲለዋወጥ ጊዜ ልጁ መልሶ እኔን ያጽናናኛል፦ «አብሽር ጋሼ።»

ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። አቦሉንም ቶናውንም ዝም ብላ ቀዳችልኝ። በረካው ላይ፣ «ገመናዬን አደባባይ አሰጣኸው» አለችኝ። ምን እመልሳለሁ?

ወሎ እኮ ለልጅ መስጠት ታውቅበታለች! አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያስተማሩት እዚሁ ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ስንቱ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጃችን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሏል! እናቶቻችን ውሻውን ይዘው ቁራሹን ያቀብሉታል እንጂ መከራውን አያናዝዙትም። ነገ መሪጌታ ይሆናል ብለው ያከብሩታል። ዛሬ ትራፊ ለመለመን ላስቲክ ይዞ የቆመውን ልጅ «ዱርዬ» የምንለው በምን ሥልጣናችን ነው?

በጸሎተ ሐሙስ አባቶች ጎንበስ ብለው እግራችንን በወይራ ቅጠል ሲያጥቡን እናለቅሳለን። በሳምንቱ ያንኑ እግር የልጁ ሳጥን ላይ ጭነን፣ ከላይ ወደ ታች፣ ስለ ትሕትና እንሰብከዋለን! ጌታችን ግን ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ ያጠበው እሱ ነው!

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ልጅ መድረክ ላይ አይጠራ። ፎቶ የለም። ልጅ የተረከበ አገልጋይ ቢያንስ ዓመት ይቆይ፤ ሦስት ወር አላምዶ መጥፋት ይብቃ። በር ዘግቶ ከልጅ ጋር ብቻውን የሚቀመጥ አይኑር። ሙስሊም ልጆችም አሉን፤ በጁምዓ ሰዓት ፕሮግራም አትያዙባቸው።

ይህን እንድናገር ልጁም እናቱም ፈቅደውልኛል። ስሙን እንዳልጠራ ብቻ አስምሎኛል።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ።