ቆራሌው ከመምጣቱ በፊት
(በዕድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበሩ የዕድራችን ሰብሳቢ፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ውርስ ዕቃ እንድናገር ስጠየቅ ቤትና ቦታን ለጠበቆች ትቻለሁ። የኔ ነገር የሚጀምረው ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ልጆች የእናታቸውን ሣጥን ሲከፍቱ ነው። ዕድራችን ቀብር ማስፈጸም፣ ንፍሮ መቀቀል፣ ወንበር ማዋስ ያውቅበታል። ከዚያ በኋላ ግን ቤተሰቡ ብቻውን ይቀራል፤ ቆራሌውም በር ላይ ይጣራል። በቆራሌው አልፈርድም፣ እንጀራው ነው። እሱ የሚገዛው ግን በኪሎ ነው።

ከሟች ቤት ቀድሞ የሚጠፋው ዕቃው አይደለም፤ የዕቃው ታሪክ ነው። ስለዚህ ምንም ነገር ከቦታው ሳይነሣ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ለለቅሶ ከገጠር የመጡት አክስት ሳይመለሱ አጠገባቸው ቁጭ በሉና ጠይቁ፤ ይህ ጋሻ የማን ነበር? ከየት መጣ? ማን ሰጠው? ድምፃቸውን ቅዱ። ይህን የምለው ለትዝታ ብቻ አይደለም፣ ለዋጋም ነው። ባለቤቱ ያልታወቀ ሜዳልያ የብረት ቁራጭ ነው። ከተሸለመበት ወረቀትና ከባለቤቱ ፎቶ ጋር ሲገኝ ግን ሙዚየምም የድሮ ዕቃ ሰብሳቢም በሌላ ዓይን ያየዋል። ስለዚህ ወረቀቱን ለታላቁ፣ ሜዳልያውን ለታናሹ ብላችሁ አትከፋፍሉ።

አሁን ወደ ጠገራ ብሩ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ትሬዛ መልክ ያለበት ይህ ብር ላይ 1780 የሚል ታያላችሁ። ቁጥሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት። ብሩ ግን ከሞተችም በኋላ ቀኑ ሳይቀየር በብዙ አገር ሲመታ ኖሯል። ጣሊያን እንኳ አገራችንን ሊወር ሲሰናዳ በሮም አስመትቶታል። ስለዚህ 1780 ስላለ ብቻ የሁለት መቶ ዓመት ዕቃ አገኘን ብላችሁ አትጨቃጨቁ። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ይህም 23 ግራም ተኩል ያህል ብር ማለት ስለሆነ፣ አብዛኛው ጠገራ የሚያወጣው በውስጡ ካለው ንጹሕ ብር ዋጋ ብዙም ያልራቀ ነው። በጠርዙ ዙሪያ ጎልቶ የወጣ የላቲን ጽሑፍ ከሌለው ወይም ማግኔት ከሳበው ተጠራጠሩ።

አንበሳ ያለበት የምኒልክ ብር ግን ለብቻው ይታይ። ፓሪስ የተመታ ነው፤ በላዩ ያለው ዓመትም በኛ አቆጣጠር፣ በግዕዝ ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 1887 ይላሉ። ገበያው ማርያ ትሬዛን ስለለመደ በዘመኑ ቶሎ አልተቀበለውም ነበር። ዛሬ ሰብሳቢ ይፈልገዋል፤ ለአንገት ተብሎ ከተበሳ ወይም ማንጠልጠያ ከተበየደበት ግን ዋጋው ይወርዳል።

እባካችሁ፣ በአመድም በሎሚም አትፈትጉ! የጠቆረው ብር ቆሻሻ አይደለም። በድሪ፣ በአልቦ፣ በአንገት መስቀል ላይ ዕድሜ የሚታየው ክርና ቆዳ በሚነካው ቦታ ነው፤ ማንጠልጠያ ቀለበቱ ከውስጥ በኩል ይሳሳል። ለቱሪስት ተብሎ ያስረጁት ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የጠቆረ ነው።

የብራና መጽሐፍ ካገኛችሁ ቀስ በሉ። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፣ ከቆዳ ማኅደሩም አትለዩት። ከዚያ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ቅጠል ግዕዝ ለሚያነብ ሰው አሳዩ። የንጉሡና የጳጳሱ ስም ተጽፎ ከተገኘ ዘመኑ ታወቀ ማለት ነው። የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ ሌላ ገብቶበት ሊሆንም ይችላል፤ ያም ራሱ ታሪክ ነው። «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ» የሚል ግዝት ከደብር ስም ጋር ካነበባችሁ ግን ስለ ዋጋ ማውራት አቁሙ። የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ነው የሚለው። መጽሐፉ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ አያታችሁ በአደራ ይዘውት ኖረው ይሆናል፣ እናንተ መልሱት። የሥዕሉ ቀለም ደማቅ ሆኖ ከሥሩ ፊደል ብቅ ካለ ደግሞ፣ አሮጌ ቅጠል ላይ በቅርቡ ለገበያ የተሣለ ነው።

የሲንገር ስፌት መኪና? በሚሊዮን ተሠርቷል። የሚሰፋ ከሆነ ለምትሰፋው ልጅ ስጧት።

ማን ይገምት ላላችሁኝ፣ ገዢው ራሱ ገማች አይሁን። ቸርችል ጎዳና ያለ ነጋዴ «እኔ ልንገርህ» ካለ ስሙት፣ ግን ሁለተኛና ሦስተኛም ጠይቁ። ዕቃውን አንጥረኛ ዘንድ አስመዝኑ። የብራናና የድሮ ሰነድ ነገር ከሆነ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ጎራ በሉ። እነሱ ዋጋ ሊነግሯችሁ አይደለም፤ ምን እንደያዛችሁ ግን ያውቃሉ።

ለተዝካር ከአሜሪካ የሚመጡ ልጆች ላሏችሁ አንድ ነገር ላክል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። «የአያቴ ነው» ማለት ቦሌ ላይ አያሳልፍም። አስቀድመው ለቅርስ ባለሥልጣን ያሳዩ፤ ሻንጣ ተዘግቶ፣ በረራው ደርሶ ከሆነ በኋላ አይሆንም።

ከቡናው በኋላ እዚያ ጥግ እቀመጣለሁ። ጥያቄ ያለው ይምጣ፤ ዕቃውን ግን ተሸክማችሁ አትምጡብኝ፣ የፊቱና የጀርባው ፎቶ ይበቃኛል። አመሰግናለሁ።