«ግልጽ ነው» ስንል

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለ ነገር ላውራችሁ።

ቅዳሜ ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ «ናቹራል ነምበር ጌም» የሚባል ጨዋታ ውስጥ ገባሁ። የሠሩት ኬቨን ባዛርድ እና ሞሃመድ ፔድራምፋር ናቸው። ባዛርድ ለንደን፣ ኢምፔሪያል ኮሌጅ የሒሳብ ፕሮፌሰር ነው። ጨዋታው የሚሠራው ሊን በሚባል ፕሮግራም ነው። ሊን ላይ ፕሩፍ፣ ማለትም አንድ ነገር ለምን እውነት እንደሆነ ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ ማረጋገጫ፣ ስትጽፉ ኮምፒውተሩ እያንዳንዷን እርምጃ ይፈትሻል። አንዷ ከጎደለች አያሳልፋችሁም። ፎርማላይዜሽን የሚሉት ይኼንን ነው፤ ሒሳቡን ምንም ሳያስቀሩ፣ ማሽን ሊፈትሸው በሚችል ቋንቋ መጻፍ።

የተሰጠኝ ጥያቄ ይኼ ነበር፦ ዜሮ ላይ ኤን ሲደመር ኤን እንደሚሆን አሳይ። ኤን ማለት ከዜሮ ጀምሮ ያለ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ነው።

ይኼማ ምን ጥያቄ አለው? አንደኛ ክፍል የተማርነው ነው። ደግሞ ጨዋታው ራሱ «ኤን ላይ ዜሮ ሲደመር ኤን ነው» የሚለውን በነፃ ሰጥቶኛል። እኔም እሱን ጠቀስኩና መለስኩ። እምቢ አለኝ። ቦታ ማቀያየር እኮ ነው ብዬ አሰብኩ። ግን ቦታ ቢቀያየር ድምሩ እንደማይለወጥ ገና አላረጋገጥኩም! ጨዋታው ውስጥ እሱ ወደፊት የሚመጣ ነው። ፕሩፉም አሁን የተጠየቅኩትን ነገር ይፈልጋል።

ቁጭ ብዬ ብዙ አየሁት። ከዚያ ገባኝ። መደመር እዚያ የተተረጎመው በቀኝ በኩል ባለው ቁጥር ነው። ሁለት ሕግ ብቻ አለ። በቀኝ ዜሮ ካለ ምንም አይለወጥም። በቀኝ ያለው በአንድ ሲጨምር ድምሩም በአንድ ይጨምራል። ስለዚህ ኢንዳክሽን ያስፈልጋል። ከዜሮ ትነሳላችሁ፤ ዜሮ ሲደመር ዜሮ፣ ዜሮ። ከዚያ ለአንድ ቁጥር ይሠራል ብላችሁ ትይዙና ለሚቀጥለውም እንደሚሠራ ታሳያላችሁ። አለቀ። ይኼን ሁሉ ዘመን ሳውቀው የኖርኩት ነገር ለምን እውነት እንደሆነ የገባኝ ያን ማታ ነው።

ዩኒቨርሲቲ እያለን መምህሩ ሰሌዳው ላይ «ግልጽ ነው» ብሎ ያልፋል። እኛም ደብተራችን ላይ «ግልጽ ነው» ብለን እንገለብጣለን። ለማን ነው ግልጽ የሆነው? እጅ አውጥቶ መጠየቅ ያሳፍራል። ስንቱ ጎበዝ ልጅ እዚያች ቃል ላይ «ሒሳብ አይሆነኝም» ብሎ ቀርቷል! ማሽኑ አያሳፍርም፣ አይሰለችም። መቶ ጊዜ ብትሳሳቱ መቶ ጊዜ «እዚህ ጋ ይቀርሃል» ነው የሚላችሁ።

ትልልቆቹም ጋ ይኼ ነገር አለ። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ፒተር ሾልዘ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 የፊልድስ ሜዳልያ፣ ከሒሳብ ትልልቅ ሽልማቶች አንዱን፣ ያገኘ ሰው ነው። በ2020 መጨረሻ ላይ ከደስቲን ክላውሰን ጋር የሠራውን አንድ ከባድ ቲዎረም፣ ማለትም በፕሩፍ የሚረጋገጥ የሒሳብ ውጤት፣ ኮምፒውተር ላይ አረጋግጡልኝ ብሎ ጥሪ አቀረበ። ፕሩፉን ራሱ ጽፎታል፣ ግን ትንሽ ጥርጣሬ ቀርቶት ነበር። ዮሃን ኮመሊን የመራው ቡድን በስድስት ወር ገደማ ዋናውን ክፍል ጨረሰ፤ ሙሉው በ2022 አለቀ። ትክክል ነበር። እኔን ግን የነካኝ እንደሱ ያለ ሰው «ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ አይደለሁም» ብሎ በአደባባይ መናገሩ ነው። ተማሪዎች ይኼን ቢሰሙ እንዴት ደስ ባለኝ።

የሚያሳስበኝም አለ። ማሽኑ ፕሩፉን ይቀበላል እንጂ እናንተ ገብቷችሁ እንደሆነ አይጠይቅም። ትእዛዞቹን እየቀያየሩ በመሞከር ብቻም ማለፍ ይቻላል። እኔ ራሴ ሁለት ሦስት ጥያቄ እንደዚያ አልፌያለሁ። ስለዚህ አሁን አንድ ልማድ ይዣለሁ። ጥያቄው ሲያልፍ ላፕቶፑን እዘጋና ፕሩፉን ወረቀት ላይ በአማርኛ እጽፈዋለሁ፣ ለሰው እንደማስረዳ አድርጌ። መጻፍ ካቃተኝ ተመልሼ እገባለሁ። ሒሳብ የማስተምር ብሆን ክፍል ውስጥም እንደዚህ ነበር የማደርገው፤ መጀመሪያ ማሽኑን፣ ቀጥሎ ጓደኛህን አሳምን።

እሑድ የእህቴ ልጅ መጣች። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ያንኑ ጥያቄ ሰጠኋት። እሷም እንደኔ ተናደደች፣ ከዚያ ዝም ብላ ቆየች። መጨረሻ ላይ «ጋሼ፣ መደመርን በግራ በኩል ባለው ቁጥር ቢተረጉሙትስ ኖሮ?» አለችኝ። ያኔ በነፃ የምናገኘው «ዜሮ ላይ ኤን ሲደመር ኤን ነው» የሚለው ይሆናላ፣ «ኤን ላይ ዜሮ ሲደመር ኤን ነው» የሚለው ደግሞ ፕሩፍ ይፈልጋል አልኳት። «እስቲ ልየው» ብላ እርሳስ አነሳች።