ሰጋቱራው ሟሟ፣ ፈሳሹስ ተመለሰ?

እንደምን አደራችሁ! ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ወንበር አለ፣ ኑ ግቡ። ፕሮጀክተሩ እስኪስተካከል እኔ ላውራ። ሊቀመንበር የሚመረጠው ለዚህ አይደል?

የዘንድሮ ርዕሳችን እንጨትን በአዮኒክ ሊኩዊድ አዘጋጅቶ ነዳጅና ኬሚካል ማውጣት ነው። ማስታወቂያው ሲለጠፍ የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ አይቶ «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» አለኝ። ደግ ጥያቄ ነው። ከእሱ ልጀምር።

አረቄ የሚያወጡ እናቶቻችን ሥራውን ከእኛ በፊት ያውቁታል። ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይቀይረዋል፣ እርሾው ስኳሩን በልቶ አልኮል ያወጣል፣ አለቀ። እንጨትም እኮ አብዛኛው በሰንሰለት የተያያዘ ስኳር ነው። ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው ሴሉሎስ ነው፣ ሌላ ሩብ ያህሉ ሄሚሴሉሎስ። ጣጣው ያለው የቀረው ሩብ ላይ ነው፤ ሊግኒን የምንለው፣ እንደ ሙጫ ሁሉንም አጣብቆ የያዘው። ሴሉሎሱም ቢሆን ሰንሰለቱ እርስ በርሱ በሃይድሮጅን ቦንድ ተቆላልፎ ጥቅጥቅ ብሏል። ሰንሰለቱን ወደ ስኳር የሚቆርጠው ኢንዛይም በየት ይግባ? ጥሬ ሰጋቱራ ላይ ጨምራችሁ ሦስት ቀን ብትጠብቁ የምታገኙት ስኳር ለአንድ ብርጭቆ ሻይ አይበቃም። ስለዚህ መጀመሪያ ቤቱን ማፍረስ አለብን።

አፍራሹ አዮኒክ ሊኩዊድ ነው። ፈሳሽ የሆነ ጨው በሉት። ውሃ ውስጥ የሟሟ ጨው አላልኩም፤ ጨዉ ራሱ ነው ፈሳሹ። የወጥ ጨው ለመቅለጥ 801 ዲግሪ ይፈልጋል፣ እነዚህ ግን ከ100 በታች ይቀልጣሉ፣ ምክንያቱም ፖዘቲቭ ሙል ያለው ቅንጣት (አዮን) ትልቅና ቅርጹ የተዛባ ስለሆነ ከነጌቲቩ ጋር ተስተካክሎ መደርደር ያቅተዋል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ፓውል ዋልደን እ.ኤ.አ. በ1914 የዘገበው ጨው በ12 ዲግሪ ገደማ ይቀልጥ ነበር። ሴሉሎስ ላይ ግን ትልቁ ወሬ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፣ ሮቢን ሮጀርስና ባልደረቦቹ አላባማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ንጹሕ ሴሉሎስ በዚህ ዓይነት ፈሳሽ ሲያሟሙ። ከዚያ በኋላ እንጨቱን እንዳለ ወደማሟሟት ተሄደ።

በዓይኑ ያላየ ካለ ከሰዓት በኋላ ላብራቶሪ ይምጣ፣ የባሕር ዛፍ ሰጋቱራ አዘጋጅተናል። ከአናጺ ቤት ነው ያመጣነው (ቺፑድ እንዳይገባበት ለቅመን፣ የቺፑድ ሙጫ ጉድ ያደርጋል)። ኢሚዳዞሊየም አሲቴት በሚባል አዮኒክ ሊኩዊድ ውስጥ በ120 ዲግሪ ስታማስሉት ቀስ እያለ ይጠቁርና እንደ ወፍራም ቡና ይሆናል። ከዚያ ውሃ ጠብ ታደርጉበታላችሁ። ሴሉሎሱ ልክ አሬራ አይብ ሲሆን እንደምታዩት ተቆራርሶ ይወጣል፤ ለስልሶ፣ ተፈትቶ። አሁን ኢንዛይሙ በሰዓታት ውስጥ ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የነዳጅ ችግር ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አላለቀም። ያን ሴሉሎስ በደንብ ሳላጥብ ኢንዛይምና እርሾ ጨመርኩበት። ጠዋት ስመጣ አንድ አረፋ የለም። የቀረው ፈሳሽ እርሾውን ጨርሶታል። በሚቀጥለው ደጋግሜ አጠብኩ፣ እርሾውም ሠራልኝ፣ እኔ ግን አንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ የተበተነ ውድ ጨው ይዤ ቀረሁ። መልሼ ልጠቀምበት ካልኩ ያን ሁሉ ውሃ ማትነን ነው። ካልታጠበ እርሾው ይሞታል፣ ከታጠበ የኃይል ወጪው ያንገበግባል።

እስቲ አብረን እናስላ። ለ1 ኪሎ እንጨት 10 ኪሎ ፈሳሽ ያዙ። 99 ፐርሰንቱ ተመለሰ ብላችሁ ብታጨበጭቡ እንኳ 100 ግራም ጠፍቷል። ለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ እነ ጄሰን ሃሌት ከሰልፈሪክ አሲድና አሚን ከሚባል ርካሽ ኬሚካል የሚሠራ ፈሳሽ አላቸው፣ በብዛት ቢመረት ኪሎው 1.24 ዶላር ይሆናል ብለው ገምተዋል። በዚህ ዋጋ በቶን እንጨት 124 ዶላር ጠፋ ማለት ነው። ከቶኑ 300 ሊትር ኢታኖል (ነዳጅ የሚሆነው አልኮል) ብናወጣ፣ ገና ምንም ሳንሠራ እያንዳንዱ ሊትር ላይ 41 የአሜሪካ ሳንቲም ተጭኗል። ለዚያውም ይሄ ርካሹ ነው። 95 ፐርሰንት ብቻ የሚመልስ ደግሞ 20 ዙር ደጋግመን ብንጠቀምበት ከመጀመሪያው ፈሳሽ ሲሶ ገደማ ብቻ ነው የሚተርፈው።

ተስፋ የለም እያልኩ አይደለም። የኢምፔሪያሎቹ ፈሳሽ ሴሉሎሱን ትቶ ሊግኒኑን ነው የሚያወጣው፣ ውሃም ብዙ አይረብሸውም። ካሊፎርኒያ ያለው ጆይንት ባዮኢነርጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ ከኮሊንና ከላይሲን የተሠራ ፈሳሽ ሞክሯል፤ ዶሮ የምታረቡ መኖው ላይ ሁለቱንም ስማቸውን ታውቋቸዋላችሁ። እነሱው እ.ኤ.አ. በ2013 ጥድ፣ ባሕር ዛፍ፣ የበቆሎ አገዳና ሳር እኩል ቀላቅለው በሌላ አዮኒክ ሊኩዊድ ሠርተዋል። ለእኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ እዚህ አንድ ዓይነት ንጹሕ ሰጋቱራ በየቀኑ የሚያቀርብልህ ማን አለ? ደግሞ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ባሕር ዛፍ የሞላበት አገር ነው፣ ኢታኖላችን ግን እስካሁን የሚወጣው ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ስንት ፐርሰንት ስኳር እንዳገኛችሁ ንገሩን፣ እሺ። ግን እዚያው ስላይድ ላይ ስንት ፐርሰንት ፈሳሽ እንደመለሳችሁ፣ በስንተኛ ዙር ላይ እንደሆነ፣ ለማጠቢያ ስንት ሊትር ውሃ እንደፈጀ ጻፉልን። ያልለካ «አልለካሁም» ይበል፣ ማንም አይስቅበትም። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ አልለካሁም ነበር።

አሃ፣ ፕሮጀክተሩ በራ። ጉባኤው ተከፍቷል። የመጀመሪያዋ አቅራቢ እህታችን፣ መድረኩ ያንቺ ነው፣ ከፈሳሹ ቁጥር ጀምሪልን።