መስኮቱ ጋ በሹክሹክታ የምትነግሩኝ ነገር
(ጎንደር፣ በዕድር ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበሩ የዕድራችን ዳኛ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ተቅማጥ ነው። በግልጽ ልጥራው ብዬ ነው። መድኃኒት ቤት ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሰው ራስ ምታቱን ጮክ ብሎ ይነግረኛል። ደም ግፊቱንም እንዲሁ። የሆዱ ነገር ሲሆን ግን ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ ይላል፣ «ሆዴን ያስቀምጠኛል» ይለኛል በሹክሹክታ። አንዳንዱ ደግሞ «ለጎረቤቴ ነው» ይላል። ከኋላው ወረፋ አለ፤ አልፈርድበትም። ግን በሹክሹክታ ሲወራ ግማሹ ነገር ሳይነገር ይቀራል። ሰው የሚጎዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚያ ሳይነገር በቀረው ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። የጥምቀት ሰሞን ነው። አንዲት እናት መጡና ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ብርቱካናማ የፕላስቲክ ብልቃጥ አወጡ። እህታቸው ከአሜሪካ ስትመጣ ይዛላቸው የመጣች ነው። «እሷንም እንደኔው ነው የሚያደርጋት፤ ይሄ አሽሏታል» አሉኝ። ብልቃጡ ላይ የተጻፈው የእህታቸው ስም ነው። መድኃኒቱ ኤሉክሳዶሊን ይባላል፣ የንግድ ስሙ ቫይበርዚ። እሳቸው የፈለጉት እንግሊዝኛውን አንብቤ ስንት እንደሚዋጥ እንድነግራቸው ብቻ ነበር።

«እማማ፣ ኦፕራሲዮን ሆነው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። «የሐሞት ጠጠር ነበረብኝ። ከነከረጢቱ አወጡልኝ» አሉ። ይሄ ከተቅማጥ ጋር ምን ያገናኘዋል ብለው ሳይገርማቸው አልቀረም።

በጣም ይገናኛል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በፈረንጆቹ 2017 የሐሞት ከረጢት የሌለው ሰው ይህን መድኃኒት እንዳይወስድ አስጠንቅቋል። ቆሽት በድንገት ይቆጣል። ሆስፒታል የተኙ ነበሩ፤ የሐሞት ከረጢት ያልነበራቸው 2 ሰዎችም ሞተዋል። በቀን ከ3 መጠጥ በላይ አልኮል ለሚጠጣ ሰውም፣ ቀድሞ ቆሽቱን ለታመመም ክልክል ነው። እህትየው ከረጢቷ አለ፤ ስለዚህ ለእሷ ታዘዘላት። ለእኚህ እናት ግን አደጋ ነው። ሁለቱም ከአንድ ማኅፀን የወጡ፣ ሕመማቸውም አንድ ዓይነት። ብልቃጡን መልሰው ነጠላቸው ውስጥ ቋጠሩትና ወደ ሐኪም ሄዱ። ያቺን ጥያቄ ባልጠይቅ ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይጨንቀኛል።

ስለ ሕመሙ ትንሽ ልበል። ሐኪሞች አይ ቢ ኤስ ይሉታል፤ በቀላሉ የሚረበሽ አንጀት እንበለው። አንጀቱ ቢታይ ቁስል የለውም። ግን ቶሎ ቶሎ ይሠራል፣ ትንሹም ነገር ይሰማዋል። ይቆርጣል፣ ይነፋል፣ ያስቀምጣል። ለወራት ይመላለሳል። እኛ አገር ደግሞ ሁሉም ነገር አሜባ ነው። ሰው ሳይመረመር ሜትሮኒዳዞል ይገዛል፣ በወሩ ቲኒዳዞል ይደግማል። አሜባና ጃርዲያ የሉም አልልም፣ አሉ። ለዚህ ነው ሰገራ የሚመረመረው። ተመርምሮ ምንም ካልተገኘ ግን አይ ቢ ኤስን ሜትሮኒዳዞል አያድነውም።

ሰገራው ደም ካለው፣ ከከሳችሁ፣ ትኩሳት ካለ፣ ተቅማጡ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳችሁ ከሆነ፣ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ከሆነ ከእኔ ምንም አትግዙ። ቀጥታ ሐኪም ጋ ሂዱ።

በየመድኃኒት ቤቱ የምታገኙት ሎፔራሚድ ነው፤ ኢሞዲየም የምትሉት። ጥሩ መድኃኒት ነው። መንገድ ለሚሄድ፣ ለቅሶ ቤት ለሚውል ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ደምና ትኩሳት ካለ አይወሰድም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ8 ሚሊግራም አይለፍ፤ ይኸውም ባለ 2 ሚሊግራሙ 4 ፍሬ ነው። በጣም ሲበዛ የልብን ምት ያዛባል። «አንዱ አላቆመልኝም» ብሎ እፍኝ የሚውጥ ሰው አይቻለሁ፤ እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ።

ቅር የሚላችሁን ነገር ደግሞ ላንሳ። ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊን ሲያዝላችሁ «የጭንቀት መድኃኒት ሰጠኝ፣ አብደሻል ሊለኝ ነው» ብላችሁ ተቆጥታችሁ ትመጣላችሁ። ንዴታችሁ ይገባኛል። ግን አንጀትም የራሱ ነርቭ አለው። በትንሽ መጠን፣ ከ10 ሚሊግራም ተጀምሮ ቀስ እያለ ሲጨመር፣ ሕመሙን ያበርዳል፣ ሩጫውንም ያዘገያል። እንግሊዝ አገር በ2023 የወጣ ትልቅ ጥናት እንደሚጠቅም አሳይቷል። ማታ ነው የሚወሰደው፤ እንቅልፍ ያመጣል፣ አፍ ያደርቃል። በአረቄ ላይ አይወሰድም። ባጃጅ የምትነዱ ልጆች፣ ጠዋት ድብት ካላችሁ መሪ ሳትይዙ ለሐኪማችሁ ንገሩ። የልብ ሕመም ወይም ግላኮማ የሚባለው የዓይን ግፊት ያለበት ሰው ቀድሞ ይናገር። ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ቆልፉበት፤ ጥቂት ፍሬ ልጅ ይገድላል።

አሁንም ዘመድ በሻንጣው ይዞት ወደሚመጣው መድኃኒት ልመለስ። ከውጭ የሚመጣ ሌላም አለ፤ አሎሴትሮን። አሜሪካ በፈረንጆቹ 2000 ለዚሁ ሕመም ተፈቀደ፣ በዚያው ዓመት ከገበያ ወጣ። የአንዳንዶችን ሆድ ክፉኛ አደረቀ፣ የአንዳንዶችም አንጀት ደም አጥሮት ተጎዳ። በ2002 በጥብቅ ቁጥጥር ተመለሰ፤ ያውም ሌላ መድኃኒት ላልሠራላቸው፣ በጣም ለጠናባቸው ሴቶች ብቻ። የሚወስደው ሰው ሆዱ ከደረቀ ወይም ደም ካየ በዚያው ቀን አቁሞ ወደ ሐኪም ይሮጣል። ለተቅማጥ የተሰጠ መድኃኒት ሲያደርቅ ብዙ ሰው «ሠራ» ብሎ ደስ ይለዋል። ሁልጊዜ ደስታ አይደለም።

ሪፋክሲሚንም አለ። አንጀት ውስጥ የሚሠራ አንቲባዮቲክ ነው፤ በቀን 3 ጊዜ ለ14 ቀን ይወሰዳል። እዚህ ላይ አንድ ስህተት በዓይኔ አይቻለሁ። «በየ8 ሰዓቱ» ተብሎ የተጻፈለት አንድ ልጅ በእኛ አቆጣጠር ቀን 8 ሰዓት ላይና ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ብቻ ይውጥ ነበር። አልሠራልኝም ብሎ መጣ። ካልገባችሁ «በስንት ሰዓት ልዋጥ?» ብላችሁ ጠይቁን፤ ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ብለን እንጽፍላችኋለን።

ጾምም እንዲሁ ነው። ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት አለ። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ንገሩን፣ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር እናስተካክላለን። እኛ ሳናውቅ ግን አትዝለሉት።

ስለ ሰገራ ማውራት ነውር ነው ትሉኛላችሁ። ይህች ከተማ ግን እንደ ፈረንጆቹ በ1954 የጤና ኮሌጅ ሲከፈትባት ሳኒታሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን አሠልጥናለች። እነዚያ ወጣቶች በየቤቱ እየገቡ አያቶቻችንን ስለ ሽንት ቤት በግልጽ ይጠይቁ ነበር። አያቶቻችን መልሰውላቸዋል። እኛ ምን ያሳፍረናል?

ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ ቤታችሁ ያለውን ብልቃጥና ፍሬ ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ። ከዘመድ የመጣውንም፣ ከጎረቤት የተዋሳችሁትንም። አብረን አንድ በአንድ እናያለን። ጥያቄ ያለው አሁን ይጠይቅ። ጮክ ብሎ ለመጠየቅ የከበደው ስሙን ሳይጽፍ ወረቀት ላይ ያስፍር፤ ወረቀቱና እስክሪብቶው ከኋላ ወንበር ጀምሮ እየዞረ ነው።