ክራሩ ከግድግዳ እንዲወርድ

እንደምን ዋላችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች። በዚህ ጭቃ ልጆቻችሁን ይዛችሁ እዚህ የካ አባዶ ኮሚናል ድረስ ስለመጣችሁ ከልቤ ነው የማመሰግነው፣ ብዙዎቻችሁ በሳምንት አንድ እሁድ ብቻ ነው ያላችሁ፣ እሷንም ለልጆቹ ሰጣችኋት። ልጆቹ ከኋላ ሆነው ክራራቸውን እየነካኩ ስለሆነ ብዙ አላስጠብቃቸውም፣ ግን አንድ የከበደኝን ነገር ሳልነግራችሁ ክረምቱ እንዲያልቅ አልፈለኩም።

ሐምሌና ነሐሴ ቀላል ነው። ትምህርት ቤት የለም፣ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፣ ጓደኞቻቸው እዚሁ አብረዋቸው ናቸው፣ ስለዚ ሁሉም ይመጣል ሁሉም ይጫወታል። ችግሩ መስከረም ላይ ነው። ደብተር ይገዛል፣ ዩኒፎርም ይሰፋል፣ ሰርቪስ በጠዋት መጥቶ ጥሩምባ ይነፋል፣ ክራሩ ሳሎን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ከዛ ለጥምቀት ስንደርስ አቧራ ጠግቦ ታገኙታላችሁ። ያኔ እናት ትደውልልኛለች፣ «ቲቸር ልጄ ሰነፈብኝ፣ ተለማመድ ብለው ብለው አልሰማ አለኝ፣ እባክህ ምከርልኝ»። ይሄ ስልክ በየአመቱ ይደወልልኛል እና መልሴን ዛሬ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልንገራችሁ፣ ልጁ አልሰነፈም። የሚሰማው ሰው አጥቶ ነው። ልጅ በር ተዘግቶበት ለግድግዳ አይጫወትም፣ እኛ ትልልቆቹም አንጫወትም።

ይሄን ያስተማረኝ የራሴ ቤት ነው። የገዛ ልጄን ክራር ያስጠላሁት እኔ ነኝ። 7 አመቱ ነበር፣ ክራሩን ባነሳ ቁጥር እኔ ከኩሽና ሆኜ «ሶስተኛዋን ክር ሳትካት! እንደገና! ፍጥነትህን ቀንስ! ጣትህን!» እላለሁ፣ እያስተማርኩት መስሎኝ፣ እሱ ግን አንድ ዜማ ሳይቋረጥ ተጫውቶ የጨረሰበት ቀን አልነበረም። አንድ ቀን ቤት ሳፀዳ ክራሩን ቁምሳጥን ጀርባ አገኘሁት፣ በአሮጌ ፎጣ ጠቅልሎ ደብቆት። ምንም አላልኩም፣ ምን እላለሁ። ከአመት በላይ አልነካውም።

የመለሰችው እናቴ ናት። ለፋሲካ ከገጠር መጥታ እኛ ጋ ሰነበተች፣ አንድ ከሰዓት መስኮቱ ስር ተቀምጣ ጥጥ እየፈተለች «እስቲ የኔ ጌታ ያችን ክራርህን አሰማኝ» አለችው። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ልጁ መጀመሪያ እኔን አየኝ፣ ዞር አልኩለት። ጀመረ፣ ተሳሳተ፣ ቆመ፣ እሷ እንዝርቷን እያሾረች «እሰይ፣ ድገማት» ብቻ አለች። ደገማት። «እቺ መጨረሻ ላይ ያለችው ደስ ስትል፣ እስቲ እሷን ብቻ።» ያችን ብቻ ደጋግሞ ደጋግሞ ተጫወታት፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም፣ ግን የሚሳሳትባትን ቦታ ማንም ሳያርመው ራሱ እየሰማት አስተካከላት። እናቴ ቅኝት አታውቅም፣ ትዝታን ከባቲ አትለይም፣ አንድም እርማት አልሰጠችውም። እኔ በአመት ያቃተኝን እሷ በአንድ ከሰዓት ሰራችው።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሁላችንም ሰምተን ነው ያደግነው፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም፣ ዛፉን ለመውጣት እየወደቀች እየተነሳች መጨረሻ ላይ የወጣችው ትል። ለልጆች ስንነግራቸው «አየህ ትሏ ተስፋ አልቆረጠችም፣ አንተም በርታ» እንላለን። ግን ከዛ በፊት ያለውን እንዘለዋለን። ያሬድ ዛፉ ስር ምን ሊያደርግ ሄደ? ትውፊቱ እኮ ይነግረናል፣ ትምህርቱ አልገባ ብሎት መምህሩ አባ ጌዴዎን ቀጥተውት ሸሽቶ ነው። ዱላው አባረረው፣ ዝም ብሎ ቁጭ ብሎ ያያት ትል መለሰችው። እኔ ይሄን ክፍል ነው ወላጆች እንዲያስታውሱት የምፈልገው።

ሌላም ልጨምር፣ በበገና ስማቸው የታወቀው አለሙ አጋ እንጦጦ ነው ያደጉት፣ እንደኛው የከተማው ዳር። 12 አመት ገደማ ሲሆናቸው አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የሚባሉ የበገና መምህር ጎረቤት ሆነው መጡ፣ በዛው ተሳቡ፣ በኋላ ራሳቸው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተማሪ ሆኑ። ጎረቤት ነው ያልኳችሁ። የኛ ኮንዶሚኒየም ደግሞ ግድግዳው ስስ ነው፣ ማን ቤት ምን እንደሚጫወት እስከ አራተኛ ፎቅ ይሰማል። በዚህ ሁላችንም እናማርራለን፣ ለልጆቹ ግን ትልቅ ሀብት ነው። ጎረቤት ለሚቆጣባችሁ ምክሬ አጭር ነው፣ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ከማታ 2 ሰዓት በኋላ አታስጫውቱ፣ አንድ ቀን ደግሞ ቡና ጠርታችሁ ልጁ ራሱ ያጫውታቸው። ኪቦርድ ላይ ሄድፎን የምታደርጉላቸው አላችሁ፣ ጎረቤት እንዳይረበሽ ብላችሁ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን እኔ አልወደውም፣ ልጁን ከሚሰሙት ሰዎች ሁሉ ነው የሚቆርጠው፣ የግድ ካልሆነ አታድርጉት።

አሁን «መች ጊዜ አለኝና» ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። ብዙዎቻችሁ ጎህ ሳይቀድ ወጥታችሁ ማታ ነው የምትገቡት። ስለዚ አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት አልልም፣ በቀን 10 ደቂቃ ነው የምለምናችሁ፣ ግን በየቀኑ። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተጨናንቆ ከመለማመድ በየቀኑ 10 ደቂቃ ይሻላል፣ ጣት የሚለምደው በመመላለስ ነው፣ ትናንት እምቢ ያለው ነገር ልጁ ተኝቶ ሲነሳ እሺ ሲል ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰዓቱን ደግሞ ቤታችሁ ውስጥ ካለ ነገር ጋር እሰሩት፣ ቡና የምታፈሉ ከአቦል እስከ ቶና ባለው ይጫወት፣ መብራት ሲጠፋ ቲቪው ዝም ሲል ዋይፋዩ ሲሞት ክራሩ ግን መብራት አይፈልግም፣ ከዛ የተሻለ ሰዓት የለም። መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆማችሁ እናትና አባት ደግሞ ስልክ ደውሉ፣ ስፒከር ላይ ያድርገውና ያሰማችሁ። እያሾፍኩ አይደለም፣ እንዲህ የሚያደርጉ አባት አሉ፣ ልጃቸው ዛሬ የመጀመሪያዋ ሆና ትጫወትላችኋለች።

ቃሉንም ቀይሩት። «ተለማመድ» ትዕዛዝ ነው፣ «አሰማኝ» ግን ግብዣ ነው። «ካልተለማመድክ ስልክ የለም» የምትሉም አላችሁ፣ እሱን ተዉት፣ ክራሩ ለቲክቶክ የሚከፈል ቀረጥ ይሆንበታል፣ ቀረጥ ደግሞ ማንም ወዶ አይከፍልም። ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደሩንም እንደዛው።

አንድ ነገር ግን በትኩረት ስሙኝ፣ ብዙ ልጅ የሚያቆመው በዚህ ምክንያት ነውና። ቅኝቱ። ክራር 6 ክር አለው፣ ቅኝቶቻችን ደግሞ አምስት አምስት ድምፅ ናቸው፣ ስድስተኛዋ ክር አንዷን ድምፅ ከፍ አድርጋ የምትደግም ናት። ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አምባሰል ወይ አንቺ ሆዬ ለመሄድ ክሮቹ እንደገና መቃኘት አለባቸው። ክር ደግሞ ተሰቅሎ እየዋለ ብቻውን ይረግባል። ልጁ ጣቱ ትክክል ቦታ ላይ ሆኖ ድምፁ ግን ተበላሽቶ ይወጣል፣ የ8 አመት ልጅ ያኔ «ክሩ ረግቧል» አይልም፣ «እኔ አልችልም» ነው የሚለው፣ መልሶ ይሰቅለዋል። ስለዚ ትልልቅ እስኪሆኑ ድረስ መቃኘት የኛ ስራ ነው። ማሲንቆም እንደዛ ነው፣ የፈረስ ጭራው ከለሰለሰ ቀስቱ እየተንሸራተተ ድምፅ አይሰጥም፣ ትንሽ እጣን ማሸት ብቻ ነው መድሃኒቱ። እናንተ ስትጨቃጨቁት የሰነበታችሁት ልጅ ችግሩ አንዲት ፍንጣሪ እጣን ሆና ብታገኟትስ?

ሁለተኛው ነገር፣ ልጆች ሁሌ ከመጀመሪያው ነው የሚጀምሩት። የሚሳሳቱት መሃል ላይ ነው፣ ሲሳሳቱ ግን ተመልሰው ከላይ፣ እንደገና ከላይ፣ መጀመሪያው ውሃ ይሆናል መሃሉ ግን ያው እንደተሰበረ ነው፣ ይባስ ብሎ ስህተቱን ራሱን ይለምዱታል። ቄስ ትምህርት ቤት የገባችሁ ታውቁታላችሁ፣ የኔታ ውዳሴ ማርያምን በአንዴ አላሸከሟችሁም፣ ቁራጭ ቁራጯን እያሉ ነው። እናንተም «እቺ የምታስቸግርህን ብቻ በቀስታ አሰማኝ» በሉት፣ እናቴ ያደረገችው እሱን ነው፣ ሳታውቀው።

ፈተና ሲደርስ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቢቋረጥ አትጨነቁ። ክራሩን ግን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፣ እጁ የሚደርስበት ዝቅ ያለ ምስማር ላይ ስቀሉለት፣ ወንበር ላይ ቆሞ የሚያወርደው ከሆነ አያወርደውም። ጊዜ ሰጥታችሁት አሁንም ልቡ ካልገባ ደግሞ ደውሉልኝ፣ ክራር እምቢ ያለው ልጅ ዋሽንት ሲይዝ ሌላ ልጅ ሲሆን አይቻለሁ።

በሉ ልጆቹ ይግቡ። ሲሳሳቱ ዝም ብላችሁ ጠብቋቸው፣ ራሳቸው ይመለሳሉ። ክራር ቤታችሁ ያለ ወላጆች ደግሞ ሲያልቅ ቶሎ አትውጡ፣ እዚህ በር ጋ ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ፣ ስልካችሁን ስጡኝ መቃኛ አፕ እጭንላችኋለሁ፣ ከዛ እያንዳንዳችሁ በገዛ እጃችሁ አንዴ ትቃኛላችሁ፣ ልጆቹም ቆመው ያያሉ።