ፓምፑ ሲያቃስት፦ የካራቫን ቮልቴጅ አለካክ

[ምስል፦ የውሃ ፓምፕ በዝግታ ይሠራል፤ አምፖሉ ደብዝዟል]

ፓምፑ ያቃስታል። መብራቱም ደክሟል። ብዙ ሰው ወዲያው "ባትሪው ሞቷል" ብሎ አዲስ ሊገዛ ይነሳል። እባካችሁ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እንለካ።

ካራቫን (በመኪና የሚጎተት የጉዞ ቤት) ውስጥ ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ አለ። አንዱ የባትሪው 12 ቮልት ዲሲ ነው። ሌላው ከውጭ በገመድ የሚገባው ኤሲ ነው፤ እንደ አገሩ 120 ወይም 230 ቮልት። ሁለተኛው ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ ከባትሪው እንጀምር።

[ምስል፦ መልቲሜትር በቅርበት]

መልቲሜትሩን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ወደ ዲሲ ቮልት አዙሩ። ቀዩ ገመድ የቮልት ምልክት ያለበት ቀዳዳ ውስጥ መሆኑን ሁለቴ እዩ። የአምፔሩ ቀዳዳ ውስጥ ተረስቶ ባትሪ ከነካችሁበት ሾርት ያደርጋል።

ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ሶላር ካለም አጥፉ። አለዚያ 13.6 አካባቢ ታነባላችሁ፤ እሱ የቻርጀሩ ነው። ባትሪው ጥቂት ሰዓት ይረፍ። ሊድ አሲድ ባትሪ ሲሞላ 12.6 ወይም 12.7 ያሳያል። 12.2 ግማሽ ገደማ ነው። ከ12 በታች ከወረደ ቶሎ ቻርጅ አድርጉት። ሊቲየም ከሆነ ይህን መለኪያ እርሱት፤ ሊያልቅ እስኪቃረብ ቮልቴጁ ብዙም አይወርድም።

ባትሪው 12.6 አለ እንበል። ታዲያ ፓምፑ ለምን ያቃስታል? ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ፓምፑ ጠፍቶ ሳለ ይለኩና "ገመዱ ደህና ነው" ይላሉ። የዛገ መገጣጠሚያ ግን ከረንት ካላለፈበት ሙሉ ቮልቴጅ ያሳያል። ጉዱ የሚወጣው ሥራ ላይ ሲሆን ነው።

[ምስል፦ ቧንቧው ተከፍቶ ፓምፑ እየሠራ]

ስለዚህ ፓምፑ እየሠራ ለኩ፤ መጀመሪያ ባትሪው ላይ፣ ከዚያ ፓምፑ ላይ። ባትሪው 12.4፣ ፓምፑ 10.9 ካለ፣ 1.5 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። የት? ፓምፑን ሳታጠፉ አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ፓምፑ ኔጌቲቭ ላይ አድርጉ። ዜሮ አጠገብ መሆን አለበት። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ ችግሩ ማሳው፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር ነው። እኔ ሁልጊዜ ቀድሜ የማየው እሱን ነው፤ ሻሲው (የካራቫኑ የብረት አካል) ላይ የታሰረበት ብሎን ውሃና ጭቃ ስለሚያገኘው ቶሎ ይዝጋል። ፈትታችሁ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፣ አጥብቁ፣ እንደገና ለኩ። ማሳው ደህና ከሆነ በፖዘቲቩ በኩል እንዲሁ ፈልጉ፤ ፊውዙንና ማብሪያ ማጥፊያውን ጭምር።

[ምስል፦ የግድግዳ ሶኬት]

ኤሲው ላይ አጭር ልሁን። የመልቲሜትሩ ገመድ ያልተላጠ ይሁን። ወደ ኤሲ ቮልት አዙራችሁ፣ ኤር ኮንዲሽነሩ እየሠራ ሶኬት ላይ ብቻ ለኩ። በ120ው ከ108፣ በ230ው ከ207 በታች ካነበበ ኤር ኮንዲሽነሩን አጥፉ፤ ኮምፕሬሰሩ ከመጠን በላይ ሊሞቅ ይችላል። የማከፋፈያውን ሳጥን ክዳን ግን አትክፈቱ። እሱን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ተዉት።