ፊቱን ተዉትና እጁን እዩት

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ላወራላችሁ የፈለግሁት ከሞተ ከ90 ዓመት በላይ ስለሆነው ተዋናይ፣ ስለ ሎን ቼኒ ነው። አስቀድሜ ግን ስለ አንድ ልብስ ሰፊ ልንገራችሁ።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን መስማት የተሳናቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ደንበኛ ሲመጣ ጆሮም አፍም የሚሆናቸው ትንሹ ልጃቸው ነው። አንዲት ሴትዮ «እጅጌው ይጠርልኝ» ካለች፣ ልጁ ልኩን በራሱ ክንድ ላይ ያሳይና በዚያው ሴትዮዋንም ይጨምርበታል፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ የምትመልስበትን ሳይቀር። አባቱ ከሳቃቸው ብዛት መቀሱን ያስቀምጣሉ። እኛ ልጁን ቀልደኛ ነበር የምንለው። ሥራ ላይ እንደነበረ የገባኝ ሎን ቼኒን ካወቅሁ በኋላ ነው።

ቼኒ የተወለደው አሜሪካ ውስጥ፣ በኮሎራዶ ስፕሪንግስ፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ነው፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። እናቱም አባቱም መስማት የተሳናቸው ነበሩ። እናቱ ታማ አልጋ ስትይዝ ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ አስታማሚ ሆነ። ውጭ ያየውን በፊቱ፣ በትከሻውና በእጁ እየተረከ ያስውላት ነበር። እስቲ አስቡት፤ ተመልካቿ አንዲት ናት፣ ከአልጋ አትነሣም፣ ድምፅ አትሰማም፣ አሳስታችሁ ካሳያችኋት የውጭውን ዓለም አሳስታችሁ ነገራችኋት ማለት ነው። ከዚህ የከበደ የተዋናይነት ፈተና አላውቅም።

ካደገ በኋላ ከተጓዥ የትያትር ቡድኖች ጋር ሲዘፍን፣ ሲደንስና ሲቀልድ ከተማ ለከተማ ዞረ። ከመድረክ ያስወጣው ትዳሩ ነው። በ1913 ዘፋኟ ሚስቱ ክሌቫ፣ እርሱ በሚሠራበት የሎስ አንጀለስ ትያትር ቤት ከመጋረጃው ጀርባ መርዝ ጠጣች። ነፍሷ ቢተርፍም የዘፋኝነት ዘመኗ በዚያው አበቃ። ወሬው እርሱንም አልማረውም፤ የመድረክ በር ሲዘጋበት ፊልም ሊሠራ ገባ። ፊልም ያኔ ድምፅ አልነበረውም። ለሌላው ተዋናይ ጉድለት የነበረው ነገር ለእርሱ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ነበር።

ስም ያወጣለት የ1919ኙ «ተአምረኛው ሰው» ነው። አካል ጉዳተኛ መስሎ የሚያጭበረብር ሰው ሆኖ ይመጣና፣ በአንድ ፈዋሽ ፊት የተጣመመ እግሩን አንድ በአንድ ይፈታል። ፊልሙ ጠፍቷል፤ የተረፈው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ደግነቱ ይህ ትዕይንት ከተረፈው ውስጥ አለ።

ሰዎች ስሙን ሲያነሡ «ባለ ሺህ ፊቱ» ብለው ወደ ሜካፕ ሣጥኑ ይሮጣሉ። ራሱን በራሱ ይኳኳል፤ ኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ስለ ሜካፕ ያስጻፈውም እርሱን ነው። እኔ ግን ፊቱን ተዉትና እጁን እዩት እላለሁ። በ1925 በወጣው «የኦፔራው ፋንተም» (የኦፔራ ቤቱ መንፈስ) ፊልም ላይ ጭንብል አጥልቆ ኦርጋን እየተጫወተ ተቀምጧል። ያፈቀራት ዘፋኝ ልጅ ከኋላው ትጠጋለች፤ እጇን ትዘረጋለች፣ ትመልሳለች፣ እንደገና ትዘረጋለች። ጭንብሉን ስትገፈው የራስ ቅል የመሰለውን ፊት ከእርሷ በፊት የምናየው እኛ ነን። ከዚያ ይዞርና ጣቱን ይቀስርባታል። እኔ ሙዚቃውን አጥፍቼ ነበር የማየው፤ ከወንበሬ ያስነሣኝ ጣቱ ነው። ንዴትም፣ እፍረትም፣ «ምን አደረግሁሽ?» የሚል አቤቱታም አለበት።

ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ብዙ አመነታ። በ1930 የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ባለ ድምፅ ፊልሙን ሠራ፤ በውስጡም የአሻንጉሊት አናጋሪን፣ የአሻንጉሊቱን፣ የአሮጊትን፣ የበቀቀንንና የአንዲትን ልጅ ድምፅ አወጣ። አምስቱም የራሱ ድምፆች መሆናቸውን በመሐላ ቃል አስፈረሙት። ፊልሙ ከወጣ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በ47 ዓመቱ፣ በሳንባ ካንሰር ሳቢያ ሞተ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ድምፁ ጠፍቶ ስለነበር የሚናገረው በእጁ ነበር፤ ለእናቱ ይናገርበት በነበረው የምልክት ቋንቋ።

ያ የልብስ ሰፊው ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ባገኘው ያቺን ጣት አሳየዋለሁ፤ ሙዚቃውን አጥፍቼ።